ቦዩ ይዞራል፣ መንገዱ ይወጣል፦ የአንድ አየርላንዳዊ የብስክሌት መስመር ጉዳይ

ካርታ ላይ ሲያዩት ቀላል ጉዞ ይመስላል። በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ፣ ከሊትሪም መንደር ተነስቶ እስከ ላይኛው ኧርን ሐይቅ የሚዘልቅ 63 ኪሎ ሜትር ገደማ የውሃ መስመር አለ። የሻነን–ኧርን የውሃ መንገድ ይባላል። ከፊሉ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ ነው፣ ከፊሉ ወንዝ፣ ከፊሉ ሐይቅ። የሻነንን ወንዝ ከኧርን ወንዝ ጋር ያገናኛል። ውሃ ዳገት አይወጣምና በቦዩ አቅራቢያ የሚሄደው አስፋልትም ሜዳ ለሜዳ ይሆናል ብሎ መገመት ያለ ነው።

ግን አይደለም። ቦዩ ኮረብታ ባጋጠመው ቁጥር ዞር ብሎ ያልፋል። መንገዱ ኮረብታውን ፊት ለፊት ይወጣዋል። ከካሪክ-ኦን-ሻነን ከተማ እስከ ቤልተርቤት በኮርሳ ብስክሌት የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ከዚህ ልዩነት ጋር ነው። መስመሩ አውሮፓ ውስጥ ካሉት የታወቁ የብስክሌት አገሮች ተርታ አይመደብም። የፈረንሳይ ተራራ የለውም፣ የሆላንድ የብስክሌት መንገድም የለውም። እኔ ግን ለኮርሳ ጋላቢ ከሚመረጡት አንዱ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮረብታዎቹ

የሊትሪምና የካቫን አውራጃዎች መሬት የተቀረጸው በበረዶ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግዙፍ ግግር በረዶ በላዩ ሲንሸራተት ሸክላና ድንጋይ እየገፋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞላላ ኮረብታዎች ትቶ ሄደ። ድራምሊን ይባላሉ። የምድር ሳይንስ ሰዎች መልክዓ ምድሩን እንቁላል ከተደረደረበት ቅርጫት ጋር ያመሳስሉታል። ከእንቁላሎቹ መካከል ያለው ስርጉድ ሁሉ ውሃ ያቁራል። ስለዚህ ሐይቁ ስፍር ቁጥር የለውም። ካቫኖች «ለዓመቱ ቀን ሁሉ አንድ አንድ ሐይቅ አለን» ይላሉ። ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ይኑር አይኑር እንጃ።

አንድ ድራምሊን በራሱ ምንም አያስፈራም። ብዙዎቹ ከሥር እስከ ጫፍ ከ20 እስከ 50 ሜትር ቢሆኑ ነው። ችግሩ አንዱ ሲያልቅ ሌላው መጀመሩ ነው። መንገዱ ለምን በመካከላቸው አይዞርም ለሚል፣ ስርጉዱ ረግረግ ነው። የድሮ ገበሬ ቤቱን የሠራው ውሃ በማይተኛበት ተዳፋት ላይ ነበር። ጋሪውም ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ መንገዱ በዚያው ቀረ። በኋላ አስፋልት ሲመጣ ጋሪው የሄደበት ላይ ተነጠፈ።

የእንጦጦን ዳገት በብስክሌት የሚያውቅ ሰው እዚህ የሚሳሳተው በዚህ ነው። እንጦጦ ረጅም ነው። ማርሽህን ትመርጣለህ፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ በራስህ ሪትም ትወጣለህ። ድራምሊን ላይ ግን ጫፉ ከታች ይታያል። «ይቺን ነው እንዴ!» ብለህ ከመቀመጫህ ብድግ ብለህ ትረግጣለህ። ደህና ትወጣታለህ። ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ አሥረኛዋ።

ሒሳቡን እናስላው። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 85 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ዳገቱ 8 በመቶ፣ ርዝመቱ 300 ሜትር ይሁን፤ 24 ሜትር መውጣት ማለት ነው። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከወጣህ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ እግርህ ግን ወደ 240 ዋት መስጠት አለበት። ለስፖርተኛ ቀላል ነው፣ ለእንደኛ ዓይነቱ የእሑድ ጋላቢ ከባድ ነው። ፍጥነቱን ወደ 8 ኪሎ ሜትር ብታወርደው የሚፈለገው ኃይል ወደ 160 ዋት ይወርዳል። የምትከስረው 45 ሴኮንድ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ዳገት 20 ጊዜ ቢያጋጥምህ ጠቅላላ ኪሳራው 15 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። በምላሹ ከሰዓት በኋላም እግር ይኖርሃል። ማንም ጤነኛ ሰው ይህን ንግድ እምቢ አይልም፤ ግን ሁሉም ጠዋት ላይ እምቢ ይላል።

በ8 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ግን ማርሹ መፍቀድ አለበት። ከፊት ትንሹ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 34 ጥርስ ያለው ብስክሌት በዚያ ፍጥነት ፔዳሉን በደቂቃ 63 ጊዜ ያህል ያስዞራል። ይህ ደህና ነው። የድሮ ኮርሳ ግን ከፊት 39 ከኋላ 25 ይዞ ከመጣ፣ በዚያው ፍጥነት በደቂቃ 40 ጊዜ ነው የሚዞረው። እንግዲህ ያን ጊዜ የሚጮኸው ጉልበት ነው። ለዚህ መስመር ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ትልቅ የኋላ ማርሽ ያስፈልጋል።

ቁልቁለቱም ያጣኸውን አይመልስልህም። በረጅም ተራራ የወጣኸውን በፍጥነት ታጣጥመዋለህ። እዚህ ገና መፍጠን ስትጀምር ታች ላይ መታጠፊያ አለ፣ ወይም የእርሻ በር፣ ወይም ትራክተር የጣለው ጭቃ። ግራና ቀኙ ረጅም አጥር ነው፤ ከመታጠፊያው ማዶ ምን እንዳለ አይታይም። በጠባቦቹ መንገዶች መሃል ላይ ሣር በቅሎ ታገኛለህ። በዚያ ላይ እርጥበት አለ። ስለዚህ እጅ ከፍሬን አይርቅም።

ስምንት ጀልባ

አሁን ወደ ቦዩ። ሥራው የተጀመረው በ1846 ነው። ድንቹ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ የሚራብበት ጊዜ ነበር። መንግሥት ለቦዩ ሁለት ዓላማ ሰጠው፤ ጀልባ ማስኬድና ረግረጉን ማድረቅ። በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን ሁለቱ አይስማሙም። ጀልባ ውሃ ከፍ ብሎ እንዲቆይ ይፈልጋል። ገበሬ ውሃው ወርዶ ማሳው እንዲደርቅ ይፈልጋል። ዓመታት ፈጅቶ በ1860 ተከፈተ።

ከ1860 እስከ 1869 ባለው ጊዜ ቀረጥ ከፍለው ያለፉት ጀልባዎች ስምንት ናቸው። ስምንት መቶ አይደለም፣ ስምንት። የተሰበሰበው ገንዘብ 18 ፓውንድ ነበር። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። ውሃው ጥልቀት አልነበረውም። እንዲጠብቁት የተሾሙት የአካባቢው ሰዎች ለጥገና ብዙም አልተጨነቁም። በኧርን ማዶ የሚቀጥለው የአልስተር ቦይ ደግሞ በራሱ ችግር የተተበተበ ነበር፤ ጀልባን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት የውሃ በሮቹ ጠባብ፣ ውሃው የሚያጥረው፣ ከ1865 እስከ 1873 ለጥገና የተዘጋ። ማዶ ያለው መንገድ ከተዘጋ በዚህኛው ማን ይመጣል? በዚያ ላይ ባቡር እየተስፋፋ ነበር። ቦዩ ሣር በቀለበት።

ባቡሩም ተራውን ጠበቀ። በ1887 የተከፈተው የካቫንና ሊትሪም ጠባብ ሐዲድ ከቤልተርቤት በባሊናሞር በኩል እስከ ድሮሞድ ይሄድ ነበር። ከአሪኛ ተራራ የድንጋይ ከሰል የሚያወርድ ቅርንጫፍም ነበረው። በ1959 ተዘጋ። ለብስክሌተኛ ይህ ተራ ታሪክ አይደለም። ቤልተርቤት ደርሶ የሚመለስበት ባቡር የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዝቡም ሄደ። የሊትሪም አውራጃ በ1841 የሕዝብ ቆጠራ 155,297 ሰው ነበረው። በ1996 የቀረው 25,057 ነበር። ረሃቡ፣ ስደቱ፣ ውሃ የማያሳልፈው የሸክላ መሬት፣ ሁሉም ድርሻ አለው። በ1998 መንግሥት በላይኛው ሻነን አካባቢ ቤት ለሚሠራ የታክስ ቅናሽ ፈቀደ። ቤቱ ተሠራ፤ በ2008 ኢኮኖሚው ሲወድቅ ግን ሰው ያልገባበት አዲስ ሰፈር በየመንደሩ ጫፍ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል፤ በ2022 የሕዝቡ ቁጥር 35,199 ደርሷል። ቢሆንም ከመላው የአየርላንድ ሪፐብሊክ ትንሹ ሕዝብ ያለው አውራጃ አሁንም ሊትሪም ነው።

እዚህ ጋ ነው የእኔ ክርክር። ለ155 ሺህ ሰው የተዘረጋ የገጠር መንገድ ዛሬ 35 ሺህ ሰው ያገለግላል። ከቤት ወደ ቤት፣ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚወስደው መረብ ብዙው አለ፣ አስፋልትም ለብሷል፤ መኪናው ግን ጥቂት ነው። የቱሪዝም ማስታወቂያው ውሃውን ያሳያል፤ ፎቶ ላይ የሚያምረው እሱ ነውና። ብስክሌተኛውን የጠቀመው ግን ሰው ትቶት የሄደው መንገድ ነው። ደስ የሚል ምክንያት አይደለም። እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ጀልባው ከመኪናው የቀደመበት ድንበር

የውሃው መስመር በምሥራቅ ጫፉ ላይ የአየርላንድ ሪፐብሊክንና የሰሜን አየርላንድን ድንበር ይነካል። ከቤልተርቤት በስተሰሜን አጋሌን የሚባል ቦታ አለ። ከካቫን በሰሜን አየርላንድ ወዳለው ወደ ፈርማና አውራጃ የሚያሻግረው ዋናው ድልድይ በዚህ ነበር። በ1972፣ የሰሜን አየርላንድ የትጥቅ ግጭት በከፋበት ዓመት፣ ድልድዩ በፈንጂ ፈረሰ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ ቤልተርቤት መሃል የፈነዳ ቦምብ ሁለት ወጣቶችን ገደለ። በድንበሩ ላይ ያሉ ብዙ ትናንሽ መንገዶችም በእንግሊዝ ጦር በሲሚንቶ ብሎክ ተዘጉ፣ ወይም ተቆፈሩ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ለመገናኘት ረጅም ዙሪያ መሄድ ግድ ሆነበት።

ቦዩን ለማደስ የተወሰነው በዚህ መሃል ነው። ሥራው የተሠራው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን 30 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወጣበት። ከአውሮፓ ኅብረትና ከዓለም አቀፉ የአየርላንድ ፈንድ ገንዘብ መጣ። ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ አንድ የሚታይ ነገር ይፈለግ ነበር፤ ስምንት ጀልባ ያስተናገደው ቦይ ተመረጠ። በግንቦት 1994 ተከፈተ። 16ቱም የውሃ በሮች ታደሱ። ስምንቱ ጀልባውን ከሻነን በኩል ወደ ስከር ሐይቅ ያወጡታል፣ ስምንቱ በኧርን በኩል ያወርዱታል። የዛሬ ጀልባ ነጂ ካርድ አስገብቶ ቁልፍ ይጫናል፤ በሩ ራሱ ይከፈታል፣ ራሱ ይዘጋል።

የተኩስ አቁሙ የታወጀው ከዚያ በኋላ ነው፣ በነሐሴ 1994። አጋሌን ላይ አዲስ ድልድይ የተሠራው ደግሞ በ1999 ሲሆን ሰላሙን ባደራደሩት በአሜሪካዊው ሴናተር ጆርጅ ሚቸል ስም ተሰየመ። ድልድዩ የሚሻገረው ይህንኑ የውሃ መስመር ነው። እንግዲህ ለአምስት ዓመት ያህል የሽርሽር ጀልባ ሥሩን እያለፈ፣ ላዩን መኪናም ብስክሌትም ማለፍ አይችልም ነበር ማለት ነው።

ለብስክሌት በይፋ የተሰመረው የኪንግፊሸር መስመር በ1998 ተጀመረ። በደሴቲቱ የመጀመሪያው ረጅም የብስክሌት መስመር ነው። ሊትሪምን፣ ካቫንን፣ ፈርማናንና ሌሎችንም እያካለለ ድንበሩን ወዲያና ወዲህ ይሻገራል። አቃጆቹ ብልህ ነበሩ፤ አዲስ መንገድ አልሠሩም። ባዶውን የገጠር መንገድ መርጠው ምልክት ተከሉበት።

ዛሬ ድንበሩ ላይ ኬላ የለም። መሻገርህን የምታውቀው የፍጥነት ምልክቱ ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲቀየርና የመንገዱ ጠርዝ መስመር ከቢጫ ወደ ነጭ ሲለወጥ ነው። አንድ ነገር ግን ለእኛ ሰው ልንገር። በኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ በአየርላንድ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ካርድ ብቻ ወደ ሰሜን አየርላንድ መግባት አይፈቀድም፤ የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልጋል። የሚጠይቅህ ሰው መንገዱ ላይ ላታገኝ ትችላለህ፤ ሕጉ ግን አለ። ጠባብ መንገዶች ደግሞ ሳታውቀው ያሻግሩሃል። ቪዛው የሌለው ሰው ቤልተርቤት ላይ መቆም ይሻለዋል። የሚያጣው ብዙ አይደለም።

መንገዱ ላይ

ከደብሊን ወደ ስላይጎ የሚሄደው ባቡር ካሪክ-ኦን-ሻነን ላይ ይቆማል፤ ለብስክሌት ቦታ አስቀድሞ መያዝ ነው። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚነፍስ ከካሪክ ወደ ቤልተርቤት መሄድ ከጀርባ ያግዛል። መመለሻው ላይ ግን ያስከፍላል።

ከካሪክ ሊትሪም መንደር ቅርብ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ትንሽ ወጣ ብሎ ድራምሻንቦ አጠገብ ኤከርስ ሐይቅ አለ፤ በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ 600 ሜትር ገደማ የእንጨት መተላለፊያ በ2017 ተሠርቶለታል። ያምራል፣ ሰውም ይወደዋል። ለኮርሳ ግን አይደለም። የቦዩ ዳር መንገዶች ጠጠር የተደመደመባቸው ናቸው፤ እግረኛ፣ ሕፃን፣ ውሻ ይሄድባቸዋል፣ ደግሞም ቁርጥራጭ ናቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተያያዙም። በ32 ሚሊ ሜትር ጎማ ቀስ ብሎ ማለፍ ይቻላል። በ23 ሚሊ ሜትር ጎማ የመጣ ሰው አስፋልቱን ቢይዝ ይሻለዋል።

ኪልክሌር ላይ ሦስት የውሃ በሮች ተቀራርበው አሉ። ጀልባ በሦስቱ ሲወጣ ቆሞ ማየት ነው፤ ብስክሌተኛ ዳገቱን በእግሩ ይከፍላል፣ ጀልባ ነጂ በትዕግሥት። ከዚያ ኬሽካሪጋን ነው፣ የስከር ሐይቅ ዳር። የውሃው መስመር ከሁሉም ከፍ የሚልበት ጫፍ ይህ ነው፤ ቦዩ ሲቆፈር የብረት ዘመን የነሐስ ጎድጓዳ ሳህን የተገኘውም በዚሁ ነው፣ አሁን በአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። የመንገዱ ጫፍ ግን ይህ እንዳይመስልህ። መንገዱ ጫፍ የለውም፤ ሁሉም ኮረብታ የራሱ ጫፍ ነው።

ከፌና እስከ ባሊናሞር ያለው ለእኔ ምርጡ ክፍል ነው። በሰሜን በኩል 585 ሜትር ከፍታ ያለው የአኒየሪን ተራራ ጠፍጣፋ አናቱን ዘርግቶ ይታያል። አንተ ግን አትወጣውም፤ ከሥሩ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ከፍ ዝቅ ትላለህ፤ ጫፍ ላይ ስትወጣ ሐይቅ፣ ስትወርድ አጥር። ባሊናሞር ቦዩ መሃሏን የሚያቋርጣት ትንሽ ከተማ ናት። ምግብ እዚህ መብላት ነው፤ በመሃል ያሉት መንደሮች ሱቃቸው ክፍት ላይሆን ይችላል። ከጎኗ የሲትካ ዛፍ ተክል በብዛት አለ። ነዋሪው «ሰው ሲሄድ ዛፍ ተከሉብን» ብሎ ያማርራል። ለጋላቢው ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ግንድ የጫነ ከባድ መኪና በጠባብ መንገድ ላይ።

ከባሊናሞር በጋራዲስ ሐይቅ በኩል እስከ ባሊኮነል መንገዱ ይለሰልሳል። ከባሊኮነል እስከ ቤልተርቤት ያለውን ዋናውን መንገድ ግን ዝለሉት። ለድንበሩ ቅርብ የሲሚንቶና የድንጋይ ሥራ ስላለ ትልልቅ ካሚዮኖች ይመላለሱበታል። በደቡብ በኩል ያሉት ጠባብ መንገዶች ዳገት ይበዛባቸዋል፤ ነፍስ ግን ይቆጥባሉ። በየካቲት 2025 በአየርላንድ የገጠር የአካባቢ መንገዶች ፍጥነት ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር መውረዱ ጥሩ ነው። ሁሉም ያከብረዋል ማለት አይደለም። መንዳቱ በግራ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፣ በተለይ ጭር ካለ መንገድ ወጥቶ ሲታጠፉ። በግንቦትና በሰኔ ሣር አጨዳ ሲጀመር ትራክተሮች መንገዱን ሞልተው ይመጣሉ። ያኔ የእርሻ በር ፈልጎ ጥግ መያዝ ነው። ነጂው እጁን አንስቶ ያመሰግናል።

ቤልተርቤት ስትደርስ የኧርን ወንዝ አለ፣ ጀልባዎቹ ተደርድረዋል፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ሕንፃም አለ። ባቡሩ የለም። ስለዚህ የሚቀረው ሦስት ነገር ነው። በዚያው አድሮ በማግስቱ በሌላ መንገድ መመለስ፣ በመኪና የሚመጣ ወዳጅ መለመን፣ ወይም በአንድ ቀን ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ወደ ካሪክ መዞር። ሦስተኛውን በድራምሊን አገር ለማንም አልመክርም። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ቤልተርቤትን ይተዋት። ባሊናሞር ላይ ይብላ፤ ከዚያ በሞሂል በኩል በደቡብ ዞሮ፣ የማታው ባቡር በሚቆምበት በድሮሞድ ጣቢያ ይውጣ።